ለየልብሱ ፎቶ አንሺ አለው፦ የኮስፕሌይ ፎቶ አንሺ አፈላለግና አቀጣጠር

(በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ወጣት ኮስፕሌየሮች፣ ማለትም የካርቱንና የፊልም ገጸ ባሕርያትን መስለው ለሚለብሱ፣ የተሰጠ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን አላችሁ? ዛሬ ስለ ልብስ ሥራ አናወራም። ልብሱ አልቋል እንበል። ጥሩሩ ተቀብቶ ደርቋል፣ ዊጉ ተቆርጦ ተስተካክሏል፣ ለካትሱኮን ወይም ለኦታኮን (የአኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን ወዳጆች የሚሰበሰቡባቸው ኮንቬንሽኖች) መግቢያው ተገዝቷል። የቀረው ፎቶው ነው። አብዛኛው ሰው ይህን ለመጨረሻው ሳምንት ያቆየውና «ጥሩ ፎቶ አንሺ የምታውቁ?» እያለ በየግሩፑ ይጠይቃል። ስሕተቱ ከጥያቄው ይጀምራል። በደፈናው ጥሩ የሆነ ፎቶ አንሺ ላያዋጣችሁ ይችላል። የሚያስፈልጋችሁ ያንን ልብስና ያንን የቆዳ ቀለም፣ በዚያ ቦታ ብርሃንና በዚያች ሰዓት ውስጥ ማንሳት የሚችል ሰው ነው። ከዚህ በኋላ የምንለው ሁሉ ከዚህች ነገር የሚወጣ ነው።

ከቦታው እንነሳ። ካትሱኮን በፌብሩዋሪ የሚካሄደው ሜሪላንድ፣ ናሽናል ሃርበር ባለው ጌይሎርድ ሆቴል ነው። ሁሉም ፎቶ ለመነሳት የሚሻማባት ጋዜቦ (ጣሪያ ያላት ክፍት ዳስ) ያለችው በሆቴሉ ግዙፍ ባለመስታወት አዳራሽ ውስጥ ነው። ቦታው ያምራል፤ ብርሃኑ ግን አስቸጋሪ ነው። ቀን ላይ ከጣሪያው የሚወርደው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ የውስጥ መብራቶቹ ደግሞ ቢጫ ናቸው። ሁለቱ ፊት ላይ ሲገናኙ አንዱ ጉንጭ ብርቱካንማ፣ ሌላው ግራጫ ይሆናል። በዚያ ላይ ብርሃኑ ከአናት ስለሚመጣ፣ ግንባር ላይ የሚወርድ ዊግ ያደረገ ሰው ዓይኑ ጥላ ውስጥ ይቀራል። ጀርባችሁን ለትልቁ መስኮት ሰጥታችሁ ከቆማችሁማ ያለ ፍላሽ የሚወጣው ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው። ስለዚህ ለካትሱኮን የምትቀጥሩት ሰው ፍላሹን ካሜራው ላይ ሰክቶ ፊት ለፊት የሚተኩስ ሳይሆን፣ ከካሜራው ነጥሎ በጎን በኩል በማቆሚያ ወይም በረዳት እጅ የሚያሠራ መሆን አለበት። ቅዳሜ ከሰዓት ጋዜቦዋ ጋ ሰልፍ ስላለ ከተከራያችሁት ግማሽ ሰዓት አብዛኛው በመጠበቅ ያልቃል። ዓርብ ጠዋት ወይም እሑድ ጠዋት ይሻላል።

ኦታኮን ሌላ ነው። ከ2017 ጀምሮ በሰመር የሚካሄደው ዲሲ መሀል፣ ዋልተር ዋሽንግተን ኮንቬንሽን ሴንተር ነው። ውስጡ ሰፊ ነው፤ ግን ለፎቶ የሚሆን ጥግ ለማግኘት ሰው መሸሽ ያስፈልጋል። ውጭው ሙቀት ነው፣ ወበቅ ነው፤ ሜካፕ ይቀልጣል፣ የዊግ ሙጫ ይለቃል። ከሕንፃው በስተደቡብ፣ መንገዱን ተሻግሮ ማውንት ቨርነን ስኩዌር ላይ፣ አሁን የአፕል ሱቅ ያለበት የድሮው የካርኔጊ ቤተ መጻሕፍት አለ። ነጭ የድንጋይ ሕንፃ ነው። በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ስለሚሆን በጠራራ ፀሐይም እኩል የሆነ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። ደጅ ለመሥራት ያሰበ ፎቶ አንሺ እንዲህ ያለውን ማወቅ አለበት። «እኩለ ቀን ላይ ውጭ ብንሠራ የት ታቆመኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «እናያለን» ካለ ቦታውን አያውቀውም ማለት ነው።

አሁን ወደ ፖርትፎሊዮ፣ ወደ ፎቶ አንሺው የሥራ ማሳያ፣ አነባበብ እንግባ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ኢንስታግራም ላይ የሚታየው ምርጥ ምርጡ ነው። ማንም ሰው ከመቶ ፎቶ አንድ ያማረ ያወጣል። ስለዚህ የአንድ ሰው፣ የአንድ ቀን፣ ለባለቤቱ የተላከ ሙሉ ጋለሪ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ባለሙያ በዚህ አይከፋም። ጋለሪውን ስትከፍቱ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ ያለችውን የብርሃን ነጥብ ፈልጉ። በሁሉም ፎቶ ላይ ካለች ሰውየው ብርሃኑን እያሰበ ነው የሚሠራው፤ አንዴ ኖራ አንዴ ከጠፋች ዕድል ነው የረዳው። ቀጥሎ የዊጉን ጠርዝና ጣቶችን አስፉና እዩ። በኤዲት የተቸኮለ ሥራ የሚጋለጠው እዚያ ነው፤ ፀጉሩ ከጀርባው ምስል ጋር ይደባለቃል፣ ጣት ይቆረጣል።

ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለ፤ የቆዳ ቀለም። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ጠይም ሰው ነጭ ካባ ለብሶ ሲቆም ካሜራው በካባው ነጭነት ይታለልና ምስሉን ያጨልመዋል፤ ፊት ይጠፋል። ጥቁር ጥሩር ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ፊቱ ከልክ በላይ ይበራና መልኩን ያጣል። የሚያውቅበት ሰው የሚለካው ለፊት ነው፤ ልብሱን በሌላ መብራት ወይም በኤዲት ያስተካክላል። ስለዚህ የምትመርጡት ሰው እንደናንተ ጠይም ወይም ጥቁር የሆኑ ሰዎችን አንስቶ እንደሆነ እዩ፤ አንድ ሁለት ሳይሆን ብዙ። እዚያ ውስጥ የሁሉም ቆዳ አንድ ዓይነት የገረጣ ቡናማ ከሆነ፣ የእናንተም እንዲሁ ይሆናል። ግንባርና አፍንጫ ላይ የሚያበራ ነጭ ነጥብ ከበዛ ደግሞ ፍላሹ ትንሽና ቀጥተኛ ነው። 90 ወይም 120 ሳንቲሜትር የሚሆን ሶፍትቦክስ (የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልስ የጨርቅ ሳጥን) በጎን በኩል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ቀርቦ ሲቆም ያ ነጥብ ወደ ለስላሳ ወዝ ይለወጣል። «ቆዳዬ በኤዲት እንዳይቀላ» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅም አያሳፍርም። ገጸ ባሕርይዋ በሥዕሉ ላይ ነጭ መሆኗ የእናንተን ፊት ለማንጣት ምክንያት አይሆንም።

ከዚያ ልብሱ ራሱ የሚጠይቀው አለ። ከፎም የተሠራ ጥሩር ብርሃን ከጎን ሲመታው ቅርጹ ጎልቶ ያምራል፤ በዚያው መጠን ያልተደፈነው ስፌትም አብሮ ይጎላል። የትኛው ትከሻ ላይ ክፍተት እንዳለ ለፎቶ አንሺው ቀድማችሁ ንገሩት፤ በሌላኛው ጎን ያቆማችኋል። ጥቁር ዊግ ጨለማ ጀርባ ላይ ይዋጣል፤ ከኋላ የሚያበራ ሁለተኛ ፍላሽ ካልኖረ የጭንቅላታችሁ ቅርጽ አይታይም። ልብሱ ላይ የኤልኢዲ መብራት ካለ ጥያቄው ይከብዳል። ፍላሹ ሲበረታ የልብሱን መብራት ይውጠዋል። ብዙዎቹ ኤልኢዲዎች ደግሞ ዓይን በማያየው ፍጥነት ስለሚበሩና ስለሚጠፉ፣ የካሜራው መዝጊያ ፈጣን ሲሆን ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ይፈጥራሉ ወይም የጠፉ ይመስላሉ። መፍትሔው መዝጊያውን ወደ 1/60 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ማዘግየት፣ ፍላሹን መቀነስ፣ ካሜራውን በትሪፖድ ማቆም ነው። እናንተም ለዚያች ቅጽበት መንቀሳቀስ የለባችሁም። ይህን ሠርቶ የማያውቅ ሰው የሚማረው በእናንተ ግማሽ ሰዓት ላይ ነው።

ስለ ሠርግ ፎቶ አንሺ ልናገር፤ በየቤቱ የሚነሳ ጉዳይ ነውና። «የአክስትሽ ልጅ ሠርግ ያነሳ የለ? ለምን ለሌላ ትከፍያለሽ?» ትባላላችሁ። የሠርግ ባለሙያ በፍላሽ አያያዝ፣ በጥድፊያ ውስጥ ሰው በማሰለፍና ሰዓት በማክበር ከብዙ የኮስፕሌይ ፎቶ አንሺ ይበልጣል። ችግሩ የዓይን ልማዱ ነው። ጨካኝ ገጸ ባሕርይ ሆናችሁ ስትቆሙ «ፈገግ በይ እንጂ» ይላል። በሜካፕ ሁለት ሰዓት የፈጀባችሁን የጉንጭ ጠባሳ እንደ ብጉር ቆጥሮ በኤዲት ያጠፋዋል። ሰይፉን ወደ ጎን አስቀምጦ ፊታችሁን ብቻ ያነሳል። የአክስታችሁን ልጅ መያዝ ከፈለጋችሁ ያዙት፤ ግን የገጸ ባሕርይዋን አምስት ስድስት ምስሎች አስቀድማችሁ ላኩለት፣ ከእያንዳንዱ ሥር «ይህ ጠባሳ ይቆይ፣ ፈገግታ የለም፣ ሰይፉ ሙሉ ይታይ» ብላችሁ ጻፉ። ዘመድ ስለሆነ ብቻ ዝም የሚባል ነገር አይኑር።

ሰውን ከየት ታገኛላችሁ? ከእናንተ ልብስ ጋር የሚቀራረብ ነገር የሠሩ ሰዎችን ያለፈው ዓመት የኮንቬንሽን ፎቶዎች ፈልጉና ማን እንዳነሳቸው እዩ። ከዚያ ለፎቶ አንሺው ከመጻፋችሁ በፊት ለተነሱት ሰዎች ጻፉ። ሦስት ሰው ይበቃል። በሰዓቱ መጣ? ፎቶዎቹን በተባለው ጊዜ አስረከበ? ሳይጠይቅ ነካካሽ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከማንኛውም ተከታይ ብዛት የበለጠ ይነግሯችኋል። ለካትሱኮን ከሆነ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ፤ የቅዳሜ ጠዋት ሰዓቶች ቶሎ ያልቃሉ።

የመጀመሪያው መልእክት አጭርና ሙሉ ይሁን። «ሰላም፣ ዋጋዎት ስንት ነው?» ተብሎ ሲጻፍ የሚመለሰው «ምን ልታስነሺ ነው?» ነው፤ ሁለት ቀን ይባክናል። ይልቅ እንዲህ ጻፉ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ካትሱኮን ላይ ዓርብ 10:00 ኤኤም አካባቢ የ30 ደቂቃ ፎቶ መነሳት እፈልጋለሁ። ብቻዬን ነኝ። ልብሱ ጥቁር የፎም ጥሩር ነው፣ ደረቱ ላይ ሰማያዊ ኤልኢዲ አለው፣ 150 ሳንቲሜትር የሚሆን ሰይፍ እይዛለሁ። የልብሱን ፎቶ አያይዣለሁ። ስምንት ያህል ኤዲት የተደረጉ ፎቶዎች እፈልጋለሁ፤ ለራሴ ገጽና ለማተም። ነፃ ነዎት? ዋጋዎትና የማስረከቢያ ጊዜዎት ምን ያህል ነው?»

እዚህ ላይ ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፉን ልብ በሉ። ሐበሻ ለሐበሻ «በ4 ሰዓት እንገናኝ» ሲባባል አንዱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሌላው ፎር ፒኤም ብሎ ይለያያል። ስድስት ሰዓት ማለት ነው ልዩነቱ። ሁልጊዜ ኤኤም ወይም ፒኤም ጨምሩበት።

ዋጋን በተመለከተ፣ በሰዓት ሳይሆን በተጠናቀቀ ፎቶ አስሉት። ለምሳሌ አንዱ ለግማሽ ሰዓት 150 ዶላር ጠይቆ አሥር ኤዲት የተደረጉ ፎቶዎች ቢሰጥ፣ አንዱ ፎቶ 15 ዶላር መጣ። ሌላው 100 ዶላር ብሎ አራት ቢሰጥ 25 ነው። ርካሽ የመሰለው ተወደደ። ኤዲት ሲባልም ምን ማለት እንደሆነ ይለይ። ቀለም ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ እሳትና መብረቅ መጨመር፣ ጀርባ መቀየር ግን ለአንድ ፎቶ ሰዓታት ይወስዳል፣ ዋጋውም ይለያል። በነፃ «ለፖርትፎሊዮ» የሚሠራም አለ፤ ለጀማሪ ጥሩ መንገድ ነው፣ ሆኖም ነፃ ሥራ የመጨረሻውን ወረፋ ስለሚይዝ የማስረከቢያ ቀኑ በተለይ መጻፍ አለበት።

ቀብድ መጠየቁ ያለ ነው፤ ከሠላሳ እስከ ሃምሳ በመቶ የሚሆነው ተገቢ ይመስለናል። ሙሉውን አስቀድሞ የሚጠይቅ አዲስ ሰው ግን ያጠራጥራል። አከፋፈሉንም አስቡበት። በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ በስልክ መላኪያ) የላካችሁት ገንዘብ በቀላሉ አይመለስም። በፔይፓል ስትልኩ «ለጓደኛና ለቤተሰብ» የሚለውን ከመረጣችሁ የገዢ ጥበቃ የላችሁም። «ለዕቃና ለአገልግሎት» የሚለው ትንሽ ኮሚሽን ቢኖረውም መከራከሪያ ይሰጣል።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ውሉ ጠበቃ አያስፈልገውም፤ ሁለቱም ወገን «ተስማምቻለሁ» ብሎ የመለሰበት ኢሜይል ይበቃል። ቀኑ፣ ቦታው፣ ሰዓቱ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር (ከቀጠሮው ነው ወይስ መሥራት ከጀመራችሁበት?)፣ የፎቶው ብዛት፣ ፎቶ የሚመርጠው ማን እንደሆነ፣ የማስረከቢያ ቀን፣ አንዱ ቢቀር ቀብዱ ምን እንደሚሆን። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመብቱን ጉዳይ ነው። በአሜሪካ ሕግ ገንዘብ ከፍላችሁ ብትነሱም የፎቶው የቅጂ መብት ባለቤት ፎቶ አንሺው ነው፤ በጽሑፍ ካላስተላለፈላችሁ በስተቀር። እናንተ የምትገዙት የመጠቀም ፈቃድ ነው። ስለዚህ በገጻችሁ ላይ መለጠፍ፣ ማተም፣ አትሞ መሸጥ እያለ ፈቃዱ ተለይቶ ይጻፍ። በተቃራኒውም፣ እሱ የእናንተን ፎቶ ለማስታወቂያ ወይም ለሽያጭ መጠቀም ይችል እንደሆነ አብሮ ይጻፍ። የገጸ ባሕርይው ባለመብት ደግሞ ሦስተኛ ወገን ነው፤ እናንተና ፎቶ አንሺው ብትስማሙም ለመሸጥ የእሱን ፈቃድ አትሰጡም።

ደኅንነት ላይ አጭር ነን፣ ግን ለድርድር አይቀርብም። ካትሱኮን ሆቴል ውስጥ ስለሆነ «ክፍሌ ውስጥ መብራት ዘርግቻለሁ» የሚል ግብዣ ይመጣል። ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ። ጓደኛ እንዳይመጣ የሚከለክል ፎቶ አንሺ ጋ አትግቡ፤ ቀብዱ ይቅር። ከ18 ዓመት በታች ከሆናችሁ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ያውቅ፣ ይገኝም። ኒውዮርክ ኮሚክ ኮን በ2014 «ኮስፕሌይ ማለት ፈቃድ ማለት አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ በየቦታው የሰቀለው ያለ ነገር አይደለም። ዊግ ወይም ቀበቶ ማስተካከል ቢያስፈልግ «ልንካው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን አብሯችሁ የመጣው ሰው ቢያስተካክለው ነው።

ያ አብሯችሁ የሚመጣው ሰው ሥራው ብዙ ነው። ቦርሳ ይይዛል፣ ፍላሽ ያነሳል፣ ካባ ወርውሮ ከፎቶው ይሸሻል። ቦርሳው ውስጥ መርፌ ቁልፍ፣ ባለ ሁለት ገጽ ቴፕ፣ ፈጣን ሙጫ፣ የዊግ መርፌ፣ ማበጠሪያ፣ ላብ የሚመጥ ወረቀት፣ የዓይን ጠብታ፣ ውኃና ስትሮው ይኑር። ስትሮው የከንፈር ቀለም እንዳይበላሽ ነው።

ሜካፕን ቤታችሁ ፈትኑ። የፀሐይ መከላከያ ያለባቸው አንዳንድ ፋውንዴሽኖችና ሲሊካ ያለባቸው ነጭ ዱቄቶች በመስታወት ስታዩአቸው ምንም የላቸውም፤ ፍላሽ ሲመታቸው ግን ብርሃኑን መልሰው ይወረውሩና ፊትን አመድ ያስመስሉታል። በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ ይብሳል። ክፍሉን አጨልማችሁ፣ ስልክ አንድ ሜትር ላይ አድርጋችሁ በፍላሽ አንሱ። ከዓይን በታች ነጭ ከወጣ ዱቄቱን ቀይሩ። አርቴፊሻል ዊግ ከመጠን በላይ የሚያበራ ከሆነ ደረቅ ሻምፖ በስሱ ይነፋበትና በማበጠሪያ ይሰራጫል።

መሣሪያ የምትይዙ ሰዎች አንድ ነገር አስታውሱ። የአሻንጉሊት ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ያለው ብርቱካንማ ምልክት በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የሚጠየቅ ነው። ለፎቶ ብላችሁ አትቀቡት፤ በኤዲት በደቂቃ ይጠፋል። ከሕንፃው ወጥታችሁ መንገድ ስትሻገሩ ደግሞ በከረጢት ሸፍኑት፤ የሚያልፈው ሰው አኒሜ አያውቅም። ኮንቬንሽኖቹም የራሳቸው የመሣሪያ ፍተሻና የርዝመት ሕግ ስላላቸው ያንን አንብባችሁ ግቡ።

ፎቶ የምትነሱበት ሰዓት ሲደርስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ፎቶዎች በካሜራው ስክሪን ላይ አስፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። መልካችሁን ትታችሁ ዊጉ ግንባር ላይ የገባበትን መስመር እዩ፣ የለበሳችሁትን መነጽር ነጸብራቅ እዩ፣ አንገታችሁ ላይ የቀረውን የኮንቬንሽን ባጅ እዩ። ባጁ ከሁሉ የበለጠ ፎቶ ያበላሻል፤ ሠላሳ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ነው የሚታወሰው። ከዚያ ቀላሉን አቋቋም ትታችሁ ከባዱን አስቀድሙ፤ ዝላዩን፣ ተንበርክኮ ሰይፍ መምዘዙን። ጥሩሩ ሳይላቀቅና ጉልበት ሳይደክም መያዝ ያለበት እሱ ነው።

ከታዳሚው የመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ፎቶዎቹ ሲመጡ ባልወዳቸውስ?» የሚል። መጀመሪያ ያልወደዳችሁት ምኑን እንደሆነ ለዩ። ቀለሙ ወይም የቆዳው መገርጣት ከሆነ፣ የትኛው ፎቶ ላይ ምን እንደሚቀየር በቁጥር ጽፋችሁ አንዴ ላኩ፤ አንድ ዙር ማስተካከያ በውሉ ውስጥ ቢኖር ደግሞ አያከራክርም። አቋቋሙ ወይም ፊታችሁ ከሆነ ካልተመረጡት ውስጥ በትንሽ መጠን የወጡ ናሙናዎችን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የተሻለው እዚያ ውስጥ አለ። ጥሬ ፋይሉን (ኤዲት ያልተደረገውን የካሜራ ፋይል) መጠየቅ ግን አያዋጣም፣ አብዛኞቹ አይሰጡም። ፎቶው ላይ የራሳችሁን ፊልተር ጭናችሁ ስሙን ጠቅሳችሁ አትለጥፉ፤ ያ የእሱ ሥራ አይደለም፣ በእሱ ስም ግን ይታያል። የጋለሪ ሊንክ የሚዘጋበት ቀን ስላለው በደረሰ በሳምንቱ ሁሉንም በሁለት ቦታ አስቀምጡ። ማተም ያሰባችሁ ደግሞ ለኢንተርኔት የተቀነሰውን ፋይል ወደ ማተሚያ ቤት አትውሰዱ። 8 በ10 ኢንች ለማተም 2400 በ3000 ፒክስል፣ 11 በ17 ለሆነ ፖስተር 3300 በ5100 ፒክስል ያህል ያስፈልጋል። ይህንን ቁጥር በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ ጻፉት፤ ከስድስት ወር በኋላ ብትጠይቁት ፋይሉን ላይይዘው ይችላል።